ቱቦው ከቢላዋው ይቅደም

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ሕክምና ምን አገባው? ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሌላ ሰው ጽፎት ቢሆን ኖሮ እኔም እንዲሁ ብዬ እጠይቅ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ብቻ የሚያውቀው ዕውቀት ሐኪም በሌለበት ቦታ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠራል፤ ልጅ ደግሞ ሐኪም ባለበት ቦታ ብቻ አይወለድም። ስለዚህ ያየሁትንና ያነበብሁትን ይዤ በዚህች መጽሔት አደባባይ ወጥቻለሁ። ስሕተት ቢገኝብኝ የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ በሚቀጥለው እትም ያርሙኝ፤ ቅር አልሰኝም።

ነገሩ የጀመረው ከቤታችን ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ ወንድ ልጅ ወለደች። ልጁ በጤና ጣቢያ ተወለደ፤ አለቀሰ፤ ቤተ ዘመድም እልል አለ። ነገር ግን ከተወለደባት ሰዓት ጀምሮ አፉ አረፋ ይደፍቅ ነበር። ቢጠርጉለት ወዲያው ይመለሳል። ጡት ሲሰጡት በረሃብ ይስባል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ እንደ ሳበ ግን ትን ይለውና ያስላል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ ወተቱም በአፉና በአፍንጫው ይመለሳል። አዋላጂቱ «የሽርት ውሃ ጠጥቶ ነው፤ ይለቀዋል» ብላ አጽናናቻቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ አንዲት የጎረቤት እማማ «ጉሮሮው ይለስልስለት» ብለው ቅቤ አላሱት። ሌላዋ ውሃ በስኳር በጥብጠው በማንኪያ ሰጡት። ሁሉም የሚያውቁትን አደረጉ፤ ሁሉም ያደረጉት በፍቅር ነበር። በሦስተኛው ሌሊት ትንፋሹ እያጠረ፣ ደረቱ እየሰረጎደ ሄዶ ጎህ ሲቀድ ሞተ። ስም ሳይወጣለት ተቀበረ።

«የሰው ዐይን ነው» ያለ ነበረ፤ «የእግዜር ፈቃድ ነው» ያለም ነበረ። አክስቴ ግን ሌላ ነገር ትላለች። «ጡቴ ነው የገደለው» ትላለች፤ እስከ ዛሬም ድረስ።

ባለፈው ዓመት ደግሞ በመኝታ ክፍላችን አንድ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬ ለፈተና ሲያጠና ከጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሥዕል አየሁ። ሁለት ቧንቧዎች ናቸው፤ አንደኛው መንገድ ላይ ተቆርጦ እንደ ከረጢት ተዘግቷል፤ የተቆረጠውም ታችኛው ጫፍ ከሌላው ቧንቧ ላይ ተለጥፏል። «ይኸ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። እርሱም ቀና ሳይል «ሲወለድ አረፋ የሚደፍቅ፣ ሲጠባ ትን የሚለው ልጅ ነዋ!» አለኝ። ከዚያች ሌሊት በኋላ ነገሩን ልተወው አልቻልሁም። የአክስቴን ልጅ ማንም አልመረመረውም፤ ስለዚህ በሽታው ይኸው ነበር ብዬ አልምልም። ነገር ግን ሊመረመር ይገባው እንደ ነበር፣ ለመመርመርም የሚያስፈልገው አንድ ቀጭን ቱቦ ብቻ እንደ ነበር ዛሬ ዐውቃለሁ። ጽሑፌ ስለዚህች ቱቦ ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ላስረዳ። በደረታችን ውስጥ ሁለት ቧንቧዎች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። የፊተኛው አየርን ወደ ሳንባ ያደርሳል፤ የኋለኛው ምግብን ወደ ጨጓራ ያደርሳል። ፅንሱ የአራት ሳምንት ገደማ ሳለ ሁለቱ ከአንድ ቧንቧ ተነሥተው እየተለያዩ ይሄዳሉ። አንዳንድ ጊዜ ግን መለያየቱ ሳይፈጸም ይቀራል። ያን ጊዜ የምግቡ ቧንቧ በመካከል ይቋረጣል፤ ወይም በሁለቱ መካከል ሊኖር የማይገባው ቀዳዳ ይቀራል፤ ወይም ሁለቱም ጉድለቶች አብረው ይመጣሉ። ሐኪሞች ይህን ቀዳዳ ፊስቱላ ይሉታል። ቃሉን እኛ ኢትዮጵያውያን የምናውቀው በወሊድ ጊዜ እናቶችን ከሚያገኘው ጉዳት ነው፤ ትርጉሙ ግን አንድ ነው፤ መገናኘት በሌለባቸው ሁለት ክፍሎች መካከል የተከፈተ መንገድ ማለት ነው።

ዓይነቱ ብዙ ነው። በ1953 ሮበርት ግሮስ የተባለው የቦስተን የሕፃናት ቀዶ ሐኪም በፊደል ለይቶ አስቀምጦታል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከ100 እንዲህ ያሉ ሕፃናት 85 በሚያህሉት ላይኛው የምግብ ቧንቧ እንደ ከረጢት ተዘግቶ ይቀራል፤ ታችኛው ደግሞ ከአየር ቧንቧ ጋር ተገናኝቶ ይገኛል። እንግዲህ የሚሆነውን አስቡት። ልጁ የሚውጠው ምራቅ መውረጃ ስለሌለው ከረጢቱን ሞልቶ ወደ ሳንባው ይፈስሳል፤ አረፋው ይኸው ነው። የሚተነፍሰው አየር ደግሞ በታችኛው ቀዳዳ ወደ ጨጓራው ገብቶ ሆዱን ይነፋል። ከሁሉም የከፋው፣ የጨጓራው አሲድ በዚያው ቀዳዳ ሽቅብ ወጥቶ ሳንባውን ያቃጥላል። ልጁ ከላይም ከታችም ይሰጥማል ማለት ነው።

የእናቲቱ ጡት በዚህ ሁሉ ውስጥ ጥፋት የለበትም። እንገሩ ንጹሕ ነው፤ መንገዱ ነው የተዘጋው።

ይህ እንዴት ይታወቃል? ፍንጩ ከመወለዱ በፊት ሊጀምር ይችላል። ፅንስ በማኅፀን ሳለ የሽርት ውሃ ይውጣል፤ መዋጥ ያልቻለ እንደ ሆነ ውሃው ከልክ በላይ ይበዛል። ስለዚህ ሆዷ ከወሩ በላይ የገፋ፣ ውሃዋ የበዛ እናት ስትወልድ ልጁን አተኩሮ ማየት ይገባል። ከተወለደ በኋላ ምልክቱ አረፋው፣ ትንታውና የፊቱ መጥቆር ነው። ማረጋገጫው ደግሞ ቱቦዋ ናት። ጫፏ ያልሰላ፣ ቶሎ የማትጠቀለል የላስቲክ ቱቦ በአፍ ወይም በአፍንጫ በኩል ቀስ ተብላ ወደ ጨጓራ ትሰደዳለች። መንገዱ ደኅና ከሆነ ትወርዳለች። ቧንቧው ከተዘጋ ግን ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ላይ ስትደርስ ቆም ትላለች፤ አልፋ አትሄድም። በጣም የለሰለሰች ቱቦ በከረጢቱ ውስጥ ተጠቅልላ የወረደች ልትመስል ስለምትችል፣ ቱቦዋ እንዳለች ራጅ ይነሣል። ራጁ ሁለት ነገር ይናገራል። ቱቦዋ የቆመችበትን ያሳያል፤ በሆዱም ውስጥ አየር ካለ የታችኛው ቀዳዳ እንዳለ ይመሰክራል። ሆዱ አየር አልባ ከሆነ ግን ታችኛው ቀዳዳ የለም፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ርቀትም ብዙ ጊዜ ሰፊ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። «እስቲ ይውጥ እንደ ሆነ እንየው» ብሎ ወተት ወይም ሌላ ፈሳሽ ማጠጣት ምርመራ አይደለም፤ ፈሳሹን በቀጥታ ወደ ሳንባ መላክ ነው። የአክስቴ ጎረቤቶች ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ግን በእነርሱ አልፈርድም፤ የነገራቸው አልነበረምና።

አሁን ወደ ታሪኩ ልለፍ፤ ታሪክ የእኛ ፋኩልቲ ሥራ ነውና። በ1670 ዊልያም ደርስተን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ተጣብቀው ከተወለዱ መንትዮች በአንደኛዋ የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ መቅረቱን ጻፈ። በ1697 ደግሞ ቶማስ ጊብሰን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ በረሃብ አፉን እየከፈተ የሚቀበል፣ ሊውጥ ሲል ግን የሚታነቅ ሕፃን አይቶ፣ ከሞተም በኋላ ከፍቶ መርምሮ ሁለቱ ቧንቧዎች እንዴት እንደ ተገናኙ በትክክል ገለጸ። እንግዲህ በሽታው ከታወቀ ከ300 ዓመት በላይ ሆኖታል። መታወቁ ግን ለብዙ ዘመን ማንንም አላዳነም። ከጊብሰን በኋላ ከ240 ዓመት በላይ የተወለዱት እንዲህ ያሉ ልጆች ሁሉ ማለት ይቻላል ሞቱ።

በ1939 በአሜሪካ፣ በቦስተን ዊልያም ላድ፣ በሚኒሶታ ደግሞ ሎጋን ሌቨን፣ አንዱ ከሌላው ሳይማከሩ፣ በየበኩላቸው አንድ አንድ ልጅ አዳኑ። ያዳኑበት ዘዴ ረጅምና አድካሚ ነበር። ክፉውን ቀዳዳ ዘጉት፤ ልጁን በሆዱ በኩል በተከፈተ ቀዳዳ እየመገቡ አሳደጉት፤ ላይኛውን ጫፍ በአንገቱ በኩል አውጥተው ምራቁን በውጭ አፈሰሱት፤ ከዚያም በኋላ በተደጋጋሚ ቀዶ ሕክምና አዲስ የምግብ መንገድ ሠሩለት። በ1941 ደግሞ በሚሺጋን ዩኒቨርስቲ ካሜሮን ሄት የተባለው ቀዶ ሐኪም የ12 ቀን ልጅ የሆነችን አንዲት ሕፃን ደረት ከፍቶ ቀዳዳውን ዘጋ፤ ሁለቱን ጫፎችም በአንድ ጊዜ ገጥሞ ሰፋ። ስፌቱ አፈሰሰ፤ በኋላም ጠበበ፤ ነገር ግን ልጅቱ ዳነች። ከዚያ ወዲህ ዓለም የሚከተለው መንገድ በመሠረቱ የሄት መንገድ ነው። ዛሬ በሀብታሞቹ አገሮች ከ100 እንዲህ ያሉ ሕፃናት ከ90 በላይ ይድናሉ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ጀግናው ቢላዋው ነው ብሎ መደምደሙ አይቀርም። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። ቢላዋው የሚሠራው እስኪደርስበት ድረስ በቆየለት ልጅ ላይ ነው። በየቀኑ ወተት ሲታለብበት የቆየና ሳንባው የተቃጠለ ልጅ ከሄትም እጅ ቢገባ የመዳን ተስፋው የመነመነ ነው። በ1962 በሎንዶን ዴቪድ ዋተርስተን የሕፃናቱን ተስፋ ሲመድብ የተመለከታቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ፤ የልጁ ክብደት፣ አብሮ የተወለደ ሌላ ጉድለት መኖሩና የሳንባ ምች። ከሦስቱ ክብደቱንና አብሮት የተወለደውን ጉድለት ከተወለደ በኋላ ልንለውጠው አንችልም። የሳንባ ምቹን ግን ልንከላከለው እንችላለን። የምንከላከለውም በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ አይደለም፤ በማዋለጃው ክፍል፣ በመጀመሪያዋ ሰዓት፣ ከመጀመሪያዋ ጉርሻ በፊት ነው።

ከቢላዋው በፊት የሚደረገው ይህን ያህል የሚያስፈራ አይደለም። አንደኛ፣ ልጁ በአፉ ምንም አይሰጠው። ሁለተኛ፣ ራስጌው ከፍ ይበል፤ ጠፍጣፋ ተኝቶ የጨጓራው አሲድ ወደ ሳንባው እንዳይሄድ ነው። ሦስተኛ፣ በላይኛው ከረጢት ውስጥ ያለው ምራቅ ሳያቋርጥ ይመጠጥ። ለዚህ በ1963 ሮበርት ሬፕሎግል ሁለት መንገድ ያላት ልዩ የፕላስቲክ ቱቦ ሠርቷል፤ በአንደኛው መንገድ አየር ይገባል፣ በሌላው ምራቅ ይወጣል፤ ስለዚህ የከረጢቱን ግድግዳ ስባ አትዘጋም። እርሷ በሌለችበትም ተራ ቱቦና ስሪንጅ ይዞ በየጥቂት ደቂቃው መምጠጥ ከምንም ይሻላል። አራተኛ፣ ልጁ ይሙቅ። አምስተኛ፣ ፈሳሽና ስኳር በደም ሥሩ ይሰጠው፤ መድኃኒትም እንዲሁ። ስድስተኛ፣ በፊት ላይ በሚደፈን ጭንብል አየር መንፋት ግድ ካልሆነ በቀር ይቅር፤ የሚነፋው አየር በቀዳዳው ሾልኮ ሆዱን ይወጥራልና። ሰባተኛ፣ ሌላው ሰውነቱ ይታይ፤ እንዲህ ካሉ ልጆች ግማሽ ያህሉ በልብ፣ በአከርካሪ፣ በፊንጢጣ፣ በኩላሊት ወይም በእጅ አጥንት ላይ ሌላ ጉድለት አለባቸው። ይህ ሁሉ ከተደረገለት ብዙውን ጊዜ ልጁ ቀዶ ሐኪም ወዳለበት ከተማ ለመድረስ ጊዜ ያገኛል።

ከዚያ በኋላ ቢላዋው ተራውን ይወስዳል። ደረቱ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ ጎኑ ይከፈታል፤ ከአየር ቧንቧው ጋር የተገናኘው ጫፍ ተቆርጦ ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሁለቱ የምግብ ቧንቧ ጫፎችም ይጋጠማሉ። ርቀቱ ሰፊ የሆነባቸው ግን በሆድ በኩል እየተመገቡ ሳምንታት ወይም ወራት መጠበቅ አለባቸው። ነገሩ በዚህም አያበቃም። ስፌቱ ሊያፈስ፣ ሊጠብ ይችላል፤ የጠበበው ደግሞ በየጊዜው መስፋት ያስፈልገዋል። የተዘጋው ቀዳዳ ዳግም የሚከፈትበት ጊዜም አለ። የአየር ቧንቧው ልል ስለሚሆን ሳሉ እንደ ውሻ ጩኸት ይሆናል፤ ምግብ በጉሮሮው ይሰነቀራል፤ ቃር ያስቸግረዋል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት እናት ልጇ ዳነ ብላ ወደ ሩቅ አገሯ ትመለስና በስድስተኛው ወር ጉርሻ አንቆት ታጣዋለች።

አንድ ስውር ዓይነት ደግሞ አለ። ከ100 በ4 በሚያህሉት የምግቡ ቧንቧ ሙሉ ነው፤ በሁለቱ መካከል ግን እንደ «ኤች» ፊደል አንዲት ቀጭን መተላለፊያ ትቀራለች። በዚህ ጊዜ ቱቦዋ ያለ ችግር ጨጓራ ትገባለች፤ ልጁም ይጠባል፤ ያድጋል። ነገር ግን በጠባ ቁጥር ያስላል፤ ሆዱ ይነፋል፤ የሳንባ ምች በየጊዜው ይመላለስበታል። ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል። የሚታወቀው በአፍንጫ የገባች ቱቦ ከታች ወደ ላይ እየተሳበች በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ሲለቀቅባት፣ ወይም በአየር ቧንቧው ውስጥ መመልከቻ መሣሪያ ሲገባ ነው። ቀዶ ሕክምናውም ብዙ ጊዜ በአንገት በኩል ይቻላል። በእኛ አገር ግን ሲጠባ ትን የሚለው ሕፃን ምን ይደረጋል? «እንጥሉ ወርዶ ነው» ተብሎ እንጥሉ ይቆረጣል። በሽታው አንድ ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ምላጩ ጥፋት የሌለባትን እንጥል ይቆርጣል፤ ደም መፍሰስና ቁስል ይጨመርበታል። በአንድ ወር ውስጥ ሦስቴ የሳንባ ምች የታከመ ልጅ ሲያጋጥመን «ምቹ ለምን ይመላለሳል?» ብሎ መጠየቅ ከምላጩ መቅደም ነበረበት።

ይህን ሁሉ ለዚያ የሕክምና ተማሪ ጓደኛዬ በሻይ ቤት አውርቼለት ሞገተኝ። ሙግቱ ቀላል ስላልሆነ እንዳለ ላቅርበው። «አንተ ልብህ በአክስትህ ልጅ ተነክቶ ነው» አለኝ። «ይህ በሽታ ከሦስት እስከ አራት ሺህ ልደት አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው። በአገራችን ሕፃን የሚገድለው ያለ ጊዜው መወለድ፣ በወሊድ ጊዜ መታፈን፣ የደም መመረዝ ነው። ለአንዱ ልጅ የሚወጣው ገንዘብ መቶ ልጅ ያድናል። የድሃ አገር ሕክምና በሂሳብ እንጂ በእንባ አይመራም።»

ጓደኛዬ አስተዋይ ነው፤ ሂሳቡም ስሕተት የለበትም። ግን ሂሳቡን እስከ መጨረሻው አላደረሰውም። በአገራችን በዓመት ከ3 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕፃናት ይወለዳሉ። ከሦስት እስከ አራት ሺህ አንድ ካልን፣ ይህ ቢያንስ ከ750 እስከ 1,000 ሕፃናት ማለት ነው፤ በየዓመቱ። ብርቅ የምንለው ነገር ባለመቆጠሩ እንጂ ባለመኖሩ ብርቅ አልሆነም። በቤት ተወልዶ፣ አረፋ ደፍቆ፣ በሦስተኛው ቀን የተቀበረ ልጅ በየትኛው መዝገብ ላይ ይገኛል? በ2019 በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት በጤና ተቋም የወለዱት እናቶች 48 በመቶ ነበሩ። የቀሩት ልጆቻቸውን ያየላቸው ጎረቤት ነው።

ሁለተኛውና ዋናው መልሴ ግን ይህ ነው። እስቲ ከላይ የቆጠርኋቸውን ሰባት ነገሮች መለስ ብላችሁ ተመልከቱ። ልጁን በመጀመሪያዋ ሰዓት አተኩሮ የሚያይ ሰው፣ ቱቦ፣ መምጠጫ፣ ሙቀት፣ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ፣ ሌሊቱን የማትተኛ ነርስ፣ ስልክ ደውሎ የሚልክና ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሆስፒታል። ከእነዚህ ውስጥ ለዚህ በሽታ ብቻ የሚያገለግል የቱ ነው? ያለ ጊዜው ለተወለደው፣ ለታፈነው፣ ደሙ ለተመረዘው የሚያስፈልገው ይኸው አይደለምን? እንዲህ ያለውን አንድ ልጅ ማዳን የሚችል ሆስፒታል ጓደኛዬ የጠቀሳቸውንም መቶ ልጆች ማዳን የሚችል ነው። ይህን አንዱን ልጅ ማዳን ያልቻለው ደግሞ መቶዎቹንም በደኅና ይዟል ብዬ አላምንም። ስለዚህ ይህ ልጅ የመቶዎቹ ተቀናቃኝ አይደለም፤ ምስክራቸው ነው።

በ2021 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት በ74 አገሮች በ264 ሆስፒታሎች የታከሙ፣ በምግብ መንገዳቸው ላይ ጉድለት ይዘው የተወለዱ 3,849 ሕፃናትን ተመልክቶ ነበር፤ የእኛ ጉዳይ ከሰባቱ የጉድለት ዓይነቶች አንዱ ነው። በሀብታም አገሮች ከ100 የሞቱት 6 አይሞሉም፤ በመካከለኞቹ 20 ያህል፤ በድሆቹ 40 ያህል። ልብ በሉ፤ ይህ ሆስፒታል የደረሱትን ብቻ ቆጥሮ ነው። የሰው አካል በቦስተንም በአዲስ አበባም አንድ ነው፤ በ6 እና በ40 መካከል ያለውን ልዩነት ተፈጥሮ አላመጣውም።

«ፊስቱላ» የሚለው ቃል ራሱ አንድ ትምህርት ይሰጠናል። በወሊድ የተጎዱ እናቶች ከሰው ተለይተው በጓሮ ጎጆ የሚኖሩበት፣ «ምን ይደረጋል?» የሚባልበት ዘመን ነበረ። ሬጂናልድና ካትሪን ሐምሊን በ1959 መጡ፤ በ1974 በአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል ተከፈተ። የማይድን የተባለው ዳነ፤ የማይነገረው ስም አገኘ። ስም ያለው በሽታ ሐኪም ያገኛል፤ ስም የሌለው ግን መቃብር ብቻ ነው የሚያገኘው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እንደ አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን መንግሥትን ብቻ ጠርቼ አልቀመጥም፤ መንግሥት ድርሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የሕፃናት ቀዶ ሕክምና ዛሬም በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች የተወሰነ ነው። ከየክልሉ ለሥልጠና የሚላኩት ቀዶ ሐኪሞች፣ ማደንዘዣ ሰጪዎችና የጨቅላ ሕፃናት ነርሶች መብዛት አለባቸው። ሐኪም ብቻ አሠልጥኖ ነርሷን መርሳት ደግሞ ቤት ሠርቶ በር መርሳት ነው።

በየማዋለጃው ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ሕግ በትልልቅ ፊደል ይጻፍ፤ «አረፋ የሚደፍቅ ሕፃን ቱቦ ጨጓራው ሳትገባ አይጥባ፤ አይላስ፤ አይጠጣ።» ይህ ሕግ ዶላር አይጠይቅም።

የሕክምና ፋኩልቲ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ እናንተ ይህን በሽታ በእንግሊዝኛ ትማራላችሁ፤ በእንግሊዝኛ ትፈተናላችሁ፤ «ኤ» አግኝታችሁ ታልፋላችሁ። እናቲቱ ስትጠይቃችሁ ግን በየትኛው ቋንቋ ትመልሱላታላችሁ? በዕረፍት ጊዜ ወደየአገራችሁ ስትመለሱ ለአንዲት አዋላጅ፣ ለአንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የቱቦዋን ነገር ብትነግሩ የዓመቱን ትምህርት ከፍላችኋል።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎችስ? ስለ ሕልውና ፍልስፍና እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት እንከራከራለን፤ የባዕድ አገር ደራሲ ስም በጠራን ቁጥር የምናድግ ይመስለናል። አንዲት እናት ልጇ ለምን እንደ ሞተ የምትረዳበትን አንድ ገጽ ግን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ጽፈን አናውቅም። ቋንቋ የእኛ ሙያ ነው ካልን ሥራው ይኸውና። ሐኪሙ እውነቱን ይስጠን፤ እኛ እናት የምትረዳውን ቃል እንፈልግለት። ይህ ማኅበራችን የሁለቱን ፋኩልቲ ተማሪዎች በአንድ ጠረጴዛ አስቀምጦ በዚህ ዓመት አንድ ባለ አራት ገጽ በራሪ ጽሑፍ ቢያወጣ፣ ካለፉት ዓመታት ጭፈራ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠራ እላለሁ። ለመጻፉ እኔ የመጀመሪያው ፈቃደኛ ነኝ።

የእኔን ድርሻ ባለፈው ፋሲካ ጀምሬያለሁ። ወደ አገር ቤት ስሄድ ያን ሥዕል በወረቀት ገልብጬ ለአክስቴ አሳየኋት። «አክስቴ፣ ልጅሽ ይኸው በሽታ ይዞት እንደ ሆነ መንገዱ እንዲህ ተዘግቶ ነው እንጂ ጡትሽ አልገደለውም» አልኋት። ወረቀቱን ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ይህን ያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው አልነበረም?»

ነበረ። ከተወለደ በኋላ አይደለም፤ ከመወለዱ ከ300 ዓመት በፊት ጀምሮ የሚያውቅ ነበረ። አጠገቧ ግን አልነበረም። መልሱን ለእርሷ ለመናገር ድፍረት ስላጣሁ ለእናንተ እነሆ ጽፌዋለሁ።